በር ላይ የሚንጠለጠለውን የአንገት ትራክሽን ቤት ውስጥ ሳትጎዱ የመጠቀሚያ መመሪያ

ይሄን የምጽፈው አንድ አይነት ስህተት ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ሰው አንገቱን ያመዋል፣ ህመሙ ወደ ክንዱ ይወርዳል፣ ኤምአርአይ ይነሳል፣ ዲስክ (በአንገት አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ነርቭ ተጭኗል ይባላል፣ ከዛ ውጭ ያለ ዘመድ በር ላይ የሚንጠለጠለውን ትራክሽን፣ ማለትም በገመድ በተንጠለጠለ የውሃ ከረጢት ክብደት ጭንቅላትን ወደ ላይ እየሳበ አንገትን የሚያፍታታውን እቃ፣ ገዝቶ ይልክለታል። ካርቶኑን ይከፍታል፣ ስዕሉን ያያል፣ ውሃ ይሞላል፣ ይጀምራል። በሶስተኛው ቀን መንጋጋውን ይዞ ወይ አንገቱን ማዞር አቅቶት ይመጣና "ትራክሽኑ ጎዳኝ" ይላል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እንዴት እንዳደረገው ቁጭ ብዬ ስጠይቀው ብዙ ጊዜ የማገኘው ሶስት ነገር ነው፦ ክብደቱ ልክ አይደለም፣ የተቀመጠበት አቅጣጫ ተገልብጧል፣ ሲጨርስ ደግሞ በአንዴ ለቆታል። እነዚህ ሶስቱ ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፣ እባካችሁ አትዝለሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ይሄ ለናንተ ነው ወይ?

መመሪያው የተጻፈው ለእንዲህ አይነት ሰው ነው፦ ሀኪም ወይ ፊዚዮቴራፒስት በእጁ መርምሮታል፣ ህመሙ ከአንገት ተነስቶ ወደ አንድ ክንድ ይወርዳል፣ ክሊኒክ ውስጥ ቢያንስ አንዴ ጭንቅላቱ በእጅ ወይ በማሽን ሲሳብለት የክንዱ ህመም ቀለል ብሎለታል፣ ስንት ኪሎ ለስንት ደቂቃ እንደሚሳብም ተነግሮታል። እጃችሁን አናታችሁ ላይ ስታደርጉ የክንዳችሁ ህመም የሚለቃችሁ ከሆነ ይሄንንም ለሚመረምራችሁ ሰው ንገሩት፣ ነርቩ አንገት ላይ ከስሩ እንደተጫነ ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው።

ኤምአርአይ ብቻ አይቶ "ዲስክ አለብኝ" የሚል፣ ግን በእጅ ያልተመረመረ ሰው አይጀምር። ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ዲስክ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ የህመማችሁ ምክንያት ነው ማለት አይደለም።

በፍጹም መሳብ የሌለባቸው

ከነዚህ አንዱ ካለባችሁ እቃውን ካርቶኑ ውስጥ መልሱትና ሀኪም ጋ ሂዱ፦

- ሁለቱም እጅ የሚደነዝዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ወይ እስክሪብቶ መያዝ የሚያቅት፣ ስትሄዱ የሚያንገዳግድ፣ ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር የሚያስቸግር ከሆነ። ይሄ ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ በዛው ቀን መታየት አለበት።
- በቅርቡ ወድቃችሁ ወይ መኪና ገጭቷችሁ አንገታችሁ ያመመው ከዛ በኋላ ከሆነ፣ ስብራት እንደሌለ በምርመራ እስኪረጋገጥ።
- ሪህማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ካለባችሁ። ላይኛው የአንገት መገጣጠሚያ ሊላላ ስለሚችል መሳቡ አደገኛ ነው።
- የአጥንት መሳሳት ካለ፣ ወይ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ከሆነ።
- ካንሰር ያለበት ወይ የነበረበት ሰው፣ አንገቱን በቅርቡ ኦፕሬሽን የሆነ ሰው።
- አንገት ሲዞር የሚያዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታይ፣ ምላስ የሚተሳሰር ከሆነ።
- የደም ግፊቱ በመድሃኒት ያልተስተካከለ ሰው።

አንዷን ለብቻዋ ላንሳት፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ትታለፋለች። የአከርካሪ ቲቢ። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ አከርካሪ አጥንት ውስጥ ገብቶ አጥንቱን ይበላዋል፣ ብዙ ጊዜ ደረትና ወገብ ላይ ነው ግን አንገትም ላይ ይወጣል፣ ደሞ ሳል ላይኖር ይችላል። ማታ ማታ የሚያልባችሁ፣ ትኩሳት የሚመላለስባችሁ፣ ሳትፈልጉ ኪሎ የቀነሳችሁ፣ ህመሙ ጋደም ስትሉም የማይተዋችሁ ከሆነ መጀመሪያ ራጅና ምርመራ። የተበላ አጥንት መሳብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ሌላው፣ ትራክሽን እየተሳባችሁ ጎን ለጎን ወጌሻ ጋ እየሄዳችሁ አንገታችሁን አታስጠምዝዙ። ወጌሻን መናቄ አይደለም፣ ግን የተቆጣ ነርቭ ያለበትን አንገት በኃይል ማዞር ጉዳት አለው፣ ደግሞ ሁለቱን ስትቀላቅሉ የትኛው እንዳሻላችሁ የትኛው እንደጎዳችሁ እናንተም አታውቁ እኔም አላውቅ።

ደረጃ 1፦ እቃውን ፈትሹ

ካርቶኑ ውስጥ መኖር ያለበት፦ በር አናት ላይ የሚገባ ብረት ከነፑሊው (ገመዱ የሚያልፍባት ተሽከርካሪ ጎማ)፣ ገመድ፣ እንደ ልብስ መስቀያ ያለች ብረት፣ አገጭና ማጅራት የሚይዝ ማሰሪያ፣ የውሃ ከረጢት። ገመዱን ከጫፍ ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱት፣ የተበጣጠሰ ክር ካለ ቀይሩት። ከረጢቱን ሞልታችሁ ለ1 ሰዓት ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ክብደቱ እየተሳባችሁ ይቀያየራል። ፑሊው ሲሽከረከር ከተንቋቋ ወይ ከያዘ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ገመዱ ካልተንሸራተተ ውሃው 4 ኪሎ ቢሆንም አንገታችሁ ጋ የሚደርሰው ከዛ ያንሳል።

ደረጃ 2፦ ክብደቱን በኪሎ አውጡ

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡት ከረጢቶች ላይ ያለው መስመር ብዙ ጊዜ በፓውንድ ነው፣ ፊዚዮቴራፒስታችሁ የጻፈላችሁ ደግሞ በኪሎ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከቨርጂኒያ የላከችላቸውን ይዘው መጡ፣ የታዘዘላቸው 4 ኪሎ ነበር፣ ከረጢቱን ግን 4 ቁጥር ድረስ ሞልተው ሁለት ሳምንት ተቀመጡ፣ 4 ፓውንድ ማለት 2 ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ምንም ለውጥ አላገኙም። ጎረቤታቸው ያንኑ እቃ ተውሶ ደግሞ በተቃራኒው ተሳሳተ፣ 8 ፓውንድ ማለት ሲገባው 8 ኪሎ በሚዛን መዝኖ ሞላ፣ ሳምንት ሙሉ አንገቱ ተጨብጦ ከረመ።

1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ነው። 8 ፓውንድ 3.6 ኪሎ፣ 10 ፓውንድ 4.5 ኪሎ፣ 15 ፓውንድ 6.8 ኪሎ፣ 20 ፓውንድ 9 ኪሎ። ብዙዎቹ ከረጢቶች የሚይዙት እስከ 20 ፓውንድ ነው።

መስመሩን ከምታምኑ በውሃ ለኩት። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ የ1 ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ እየቆጠራችሁ ከረጢቱ ውስጥ ገልብጡ። 4 ኪሎ ከሆነ 4 ሃይላንድ። የሻንጣ ሚዛን ያላችሁ አንጠልጥላችሁ አረጋግጡ፣ የሌላችሁ ሰፈር ያለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከዛ የሞላበት ቦታ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ኪሎ ካልነገራችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። በአብዛኛው የሚጀመረው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው፣ ለ5 ደቂቃ። "ይቺ ምን ታደርጋለች" እንዳትሉ። የሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ በ4 ኪሎ ስትሳቡ የመጀመሪያ ቀናት የሚሆነው አንገታችሁ የራሱን ሸክም ማራገፉ ነው። ለተቆጣ ነርቭ ይሄ ራሱ ትልቅ እረፍት ነው፣ ሰውነታችሁም እስኪለምደው ጊዜ ያገኛል።

ደረጃ 3፦ በርና ወንበር

በሩ ወደናንተ የሚከፈት ከሆነ ብረቱን አውጥታችሁ በሌላኛው በኩል ስቀሉ። ስትሳቡ በሩ ወደ መቃኑ መጠበቅ አለበት እንጂ ወደናንተ መምጣት የለበትም። ዝጉት፣ በቁልፍ ቆልፉት፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ንገሩ። ልጅ ሮጦ መጥቶ በሩን ከወዲያ ሲስበው አንገት ላይ የሚደርሰውን አይቻለሁ።

ብረቱ በሩ አናት ላይ ካልተቀመጠ፣ የብረት በር ላይ ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ እምቢ ሊል ይችላል፣ በሌላ በር ሞክሩ። ሚስማር መትታችሁ ግድግዳ ላይ አታንጠልጥሉ።

ወንበሩ መደገፊያ ያለው የማይሽከረከር ይሁን። ፊታችሁን ወደ በሩ አዙራችሁ ተቀመጡ። ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ያኔ ገመዱ ከኋላ ስለሚመጣ አንገታችሁን ወደ ኋላ ይቀለብሰዋል፣ ነርቩ የሚወጣበት ቀዳዳ ይጠባል፣ ማለትም ልትገላገሉት የፈለጋችሁትን ነገር ታብሱታላችሁ።

ጉልበታችሁ ከበሩ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ገመዱ ከጭንቅላታችሁ ወደ ፑሊው ሲሄድ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ በሩ ትንሽ ያዘነበለ መሆን አለበት። ምን ያህል? የግድግዳ ሰዓት ላይ ቁጥር 12ና ቁጥር 1 መሃል ያለው 30 ዲግሪ ነው፣ ግማሹን ትንሽ አለፍ በሉ፣ 15 እስከ 20 ዲግሪ። ሰው ጎን ቆሞ ይይላችሁ። ወንበሩን ወደ ኋላ ስትስቡት ዝንባሌው ይጨምራል፣ ወደ በሩ ስትጠጉ ይቀንሳል። ችግራችሁ ታችኛው አንገት ላይ ከሆነ፣ ኤምአርአዩ ላይ ሲ5-ሲ6 ወይ ሲ6-ሲ7 (በአምስተኛውና በስድስተኛው፣ ወይ በስድስተኛውና በሰባተኛው የአንገት አጥንት መሃል ማለት ነው) የሚል ከሆነ፣ ፊዚዮቴራፒስታችሁ ትንሽ ጨምር ሊላችሁ ይችላል፣ እስከ 30 ድረስ።

እግራችሁ መሬት ይርገጥ። ፊት ለፊታችሁ፣ ጉልበታችሁ አጠገብ ዱካ አስቀምጡ፣ በኋላ ከረጢቱን የምታሳርፉበት ነው።

ደረጃ 4፦ ማሰሪያውን ማሰር

መነጽርና የጆሮ ጌጥ አውልቁ። ሰው ሰራሽ ጥርስ ያለው ሰው ግን ጥርሱን አያውልቅ፣ ካወለቀ መንጋጋው ላይ ያለው ጫና ይበዛል።

ማሰሪያው ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ አገጭ ስር፣ ሌላው ማጅራት ላይ። መሳብ ያለበት ከኋላ ያለው ነው። የራስ ቅላችሁ ከኋላ ከአንገት ጋር የሚገናኝበትን ጉብታ በጣታችሁ ፈልጉት፣ የኋላው ማሰሪያ ልክ ከሱ ስር ይግባ። የፊተኛው አገጭን መደገፍ ብቻ ነው ስራው። ጉሮሮ ላይ አይውረድ።

ሁለቱን ጎን እኩል አድርጋችሁ መስቀያዋ ላይ አያይዙ። መስታወት ፊት ወይ በስልክ ካሜራ እዩት፣ አንዱ ጎን ካጠረ ጭንቅላታችሁ ዘንበል ብሎ ይሳባል። አገጭ ስር የታጠፈ ለስላሳ ጨርቅ ብታደርጉ ቆዳችሁ አይላጥም።

ፈተናው ይሄ ነው፦ መስቀያዋን በእጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ። የሚሰማችሁ ማጅራታችሁ ላይ ከሆነ ልክ ነው። ጥርሳችሁ ከጥርሳችሁ ከተጋጨ የኋላውን አሳጥሩ፣ የፊቱን አላሉ፣ እንደገና ሞክሩ። ሶስት አራት ጊዜ ቢፈጅም ከዚህ ሳያልፍ ክብደት አትልቀቁ።

ደረጃ 5፦ ክብደቱን መልቀቅ

1. ከረጢቱ ዱካው ላይ ተቀምጦ እያለ ገመዱ ላይ አያይዙት። ገመዱ ገና ላላ ያለ መሆን አለበት።
2. ትከሻችሁን ጣሉ። አንዴ ወደ ላይ ሰቅላችሁ ልቀቁት፣ ያኔ የት መሆን እንዳለበት ይገባችኋል። አይናችሁ ፊት ለፊት በሩን ይይ።
3. ከረጢቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ በቀስ አውርዱት፣ ገመዱ ይወጠር፣ ከዛ ግማሹን ክብደት እጃችሁ እንደያዘ እስከ 20 ቁጠሩ።
4. ምንም ካልተሰማችሁ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ከረጢቱ ዱካውን፣ ጉልበታችሁን ወይ በሩን መንካት የለበትም፣ ዱካውን ወደ ጎን ገፋ አድርጉት።
5. የስልካችሁን ሰዓት ሙሉና ስልኩን ጭናችሁ ላይ ገልብጡት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ቀናት ብቻችሁን አታድርጉት፣ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ደረጃ 6፦ እየተሳባችሁ

አታውሩ፣ ማስቲካ አታኝኩ፣ ስልክ ለማየት አታጎንብሱ። ቴሌቪዥን ጎን ላይ ካለ አጥፉት፣ አንገታችሁን ሳታውቁት ታዞራላችሁ። መተኛት ክልክል ነው።

እዚህ ጋ መከታተል ያለባችሁ አንድ ነገር ህመሙ የት እንዳለ ነው። ከጣትና ከክንድ ለቆ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ አንገት ከተሰበሰበ ጥሩ ነው፣ አንገታችሁ ላይ ትንሽ ቢጨምር እንኳን ጥሩ ነው። በተቃራኒው አንገቱ ቀሎ ክንዳችሁና ጣታችሁ ላይ ከባሰ መጥፎ ነው፣ አቁሙ። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ አንገቱ ስለቀለለው ብቻ ይቀጥላል።

የትኛው ጣት እንደሆነም ልብ በሉ። አውራ ጣት ከሆነ ብዙ ጊዜ ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ነው፣ መሃል ጣት ሰባተኛው፣ ትንሿ ጣት ስምንተኛው። ድንዛዜው ከአንድ ጣት ወደ ሌላ ከተስፋፋ ለፊዚዮቴራፒስታችሁ ንገሩ።

ደረጃ 7፦ ማውረድ

ሶስተኛው ስህተት። ሰዓቱ ሲጮህ ሰው ብድግ ይላል፣ ወይ ማሰሪያውን ከአገጩ ላይ ይነቅለዋል። ለ10 ደቂቃ የተፈታ ጡንቻ በአንዴ የጭንቅላት ሸክም ሲመለስበት ደንግጦ ይጨበጣል፣ ህመሙም ከመጀመሪያው ብሶ ይመጣል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከረጢቱን ከስር በሁለት እጅ ደግፉት፣ መጀመሪያ ግማሽ ክብደቱን ብቻ ውሰዱ፣ እስከ 30 ቁጠሩ።
2. ከዛ ሙሉ በሙሉ አንሱትና ዱካው ላይ አስቀምጡት። ገመዱ ይላላል።
3. ማሰሪያውን ሳትፈቱ 1 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።
4. የኋላውን ከዛ የአገጩን አውልቁ። አንገታችሁን ወዲያው ለማየት አታዙሩ፣ አታስጩሁ።
5. ተነሱና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በጀርባችሁ ጋደም በሉ፣ ትራስ አንድ፣ ስስ።

ከረጢቱን ማንሳት የሚያቅተው ሰው፣ ክንዱ በጣም የደከመ ማለቴ ነው፣ የሚያነሳለት ሰው ከሌለ ይሄን ህክምና ቤት ውስጥ አያድርግ። ከተሳባችሁ በኋላ ወዲያው መኪና አትንዱ፣ ጀሪካን አታንሱ።

ደረጃ 8፦ መቼ ይጨመራል

ከተሳባችሁ በኋላ ያለውን 24 ሰዓት አይታችሁ ነው የምትወስኑት። በማግስቱ ጠዋት ክንዳችሁ እንደነበረ ወይ የተሻለ ከሆነ ቀጥሉ። መጀመሪያ ደቂቃውን ጨምሩ፣ ከ5 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 10፣ በኋላ 15። ኪሎው የሚጨመረው ከዛ በኋላ ነው፣ በግማሽ ኪሎ፣ ቢያንስ ሁለት ሶስት ቀን እያሳለፋችሁ፣ የተነገራችሁን ጣሪያ ሳታልፉ። በአንድ ቀን ሁለቱንም አትጨምሩ።

ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ኪሎ፣ ደቂቃ፣ ህመሙ ከመሳቡ በፊት የት ነበር፣ በኋላ የት ሆነ፣ ስንት ሰዓት ቆየ። የተሰጣችሁን እንቅስቃሴ ደግሞ አትተዉ። ትራክሽን ነርቩን ለጊዜው ፋታ ይሰጠዋል፣ አንገቱን የሚያጠነክረው ስፖርቱ ነው።

ችግር ሲመጣ

መንጋጋ ወይ ጆሮ አካባቢ ካመመ፣ ማሰሪያው አገጭን እየሳበ ነው። ደረጃ 4ን እንደገና አድርጉ። አስተካክላችሁም ካልተወ አቁሙ፣ ክሊኒክ ተኝታችሁ የምትሳቡበት አገጭ የማይነካ ማሽን አለ።

ካዞራችሁ ወይ ካቅለሸለሻችሁ ክብደቱን እንደ ደረጃ 7 አውርዱና ተኙ፣ ሳትመረመሩ አትድገሙት። አብሮ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ፊት ወይ ግማሽ አካል ከደነዘዘ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ነገ አትበሉ።

የክንዱ ህመም ከባሰ መጀመሪያ የገመዱን ዝንባሌና አቀማመጣችሁን እዩ፣ በማግስቱ በ1 ኪሎ ቀንሳችሁ ለ5 ደቂቃ ሞክሩ። አሁንም ወደ ጣት ከወረደ ትራክሽን ለናንተ አልሆነም ማለት ነው፣ ተመልሳችሁ ታዩ።

አንገት ከተጨበጠ ያን ቀንና በማግስቱ አትሳቡ። ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ማጅራት ላይ ለ15 ደቂቃ፣ ከዛ በግማሽ ክብደት ከመጀመሪያ።

ምንም ካልተሰማችሁ ኪሎ ከመጨመራችሁ በፊት ሶስት ነገር እዩ፦ ገመዱ በሩ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ነው? ከረጢቱ የሆነ ነገር ላይ አርፏል? ትከሻችሁን ሰቅላችኋል? አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

ስትሳቡ ጠፍቶ ሲለቀቅ የሚመለስ ህመም የመጀመሪያ ቀናት ላይ የተለመደ ነው። የሚታየው ደብተሩ ላይ ነው፣ ሰኞ 20 ደቂቃ ቆይቶ ከነበረ አርብ 2 ሰዓት ከሆነ መንገዱ ትክክል ነው።

ወገብስ?

ሁሌ የምጠየቀው ነው፣ መልሴ አጭር ነው፦ ወገባችሁን ቤት ውስጥ አትሳቡ። ወገብ ለመሳብ የሰውነታችሁን ክብደት ሩብ ያህል የሚፈጀው አልጋው ላይ ያለውን ፍትጊያ ለማሸነፍ ብቻ ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ እስከ ግማሽ ሊደረስ ይችላል፣ ለዛም ለሁለት የሚከፈል አልጋ፣ ደረትና ዳሌ ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ ታካሚው እጅ ላይ ያለ ማቆሚያ ቁልፍ አለ። ብረት ላይ መንጠልጠል ወይ ተዘቅዝቆ መሰቀል ይሄን አይተካም፣ መዘቅዘቅ እንዲያውም ደም ግፊትና የአይን ግፊት ይጨምራል። በዛ ላይ ለወገብ ህመም ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፣ የእንግሊዙ የህክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለወገብ ህመም፣ ወደ እግር የሚወርድ ቢሆን እንኳን፣ ትራክሽን አትስጡ ይላል። ክሊኒክ ሄዳችሁ ከትራክሽን ሌላ ምንም እንቅስቃሴ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ።

መቼ ታቆማላችሁ

ክንዱ ሙሉ በሙሉ ከለቀቃችሁና ለአንድ ሳምንት ካልተመለሰ በአንዴ አትተዉት፣ በየቀኑ የነበረውን አንድ ቀን እያለፋችሁ፣ ከዛ በሳምንት ሁለቴ አድርጉትና አቁሙ። ሁለት ሶስት ሳምንት በትክክል ተስባችሁ ደብተሩ ላይ ለውጥ ከሌለ ኪሎ አትጨምሩ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ወደላካችሁ ሰው ተመለሱ። በመሃል እጃችሁ እየደከመ ከመጣ፣ ብርጭቆ ከእጃችሁ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሶስት ሳምንቱን አትጠብቁ፣ በዛው ቀን ሂዱ።